ከአደጋ ስለ መሸሽና በሞተር ሳይክል ላይ ስላለው ሁለተኛ መቀመጫ

ሰው ሕይወቱን ከሞት ለማዳን መሸሹ የተፈቀደ ነውን? ቢሸሽስ በምን ዓይነት መሸሻ፥ ማንን ይዞ፥ ማንንስ ትቶ ሊሸሽ ይገባዋል? ይህን ጥያቄ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ አገር በካሊፎርንያ የሚኖሩ አንድ ምእመን፥ የሰደድ እሳት በተነሣ ጊዜ ለመሸሽ እንዲረዳቸው ሞተር ሳይክል ገዝተው፥ ነዳጅ ሞልተው በደጃቸው ማቆማቸውን ገልጸው፥ ይህ እምነት እንደ ማጣት ይቆጠርብኝ ይሆን? ደግሞስ እኔን ብቻ የሚያስመልጥ መሣሪያ ማዘጋጀቴ በጎረቤቶቼ ላይ በደል አይሆንብኝምን? ሲሉ ጠይቀውናል። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ግን ከባድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን በአጭሩ መልሰን በሁለተኛው ላይ እንቆያለን።

ጌታችን በሥጋ ተገልጦ ገና ሕፃን ሳለ ሄሮድስ ሊገድለው በፈለገ ጊዜ በእናቱ እቅፍ ሆኖ ወደ ግብፅ ተሰዷል። ሰማይንና ምድርን የፈጠረ እርሱ ሄሮድስን ማጥፋት ተስኖት አይደለም፤ ስደትን ለስደተኞች ሊባርክላቸው ነው እንጂ። ቅዱስ ጳውሎስም በደማስቆ በቅርጫት ሆኖ በቅጥሩ ወርዶ አምልጧል። ፈታኙ ጌታችንን በመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራስህን ወደ ታች ጣል ባለው ጊዜ የተሰጠው መልስ ደግሞ፥ መውረጃ ደረጃ እያለለት ራሱን የሚወረውር ሰው በእግዚአብሔር የታመነ ሳይሆን እግዚአብሔርን የሚፈታተን መሆኑን ያስረዳናል። እንግዲህ እሳት በሚያዘወትረው አገር የሚኖር ሰው መሸሻውን አስቀድሞ ማዘጋጀቱ፥ ክረምት ሳይገባ ጣራውን እንደሚከድን ገበሬ ያስመሰግነዋል እንጂ አያስነቅፈውም።

በዚህ ነገር ከአበው ሁሉ ይልቅ የተከራከረ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። አርዮሳውያን መንጋውን ትቶ የሸሸ ፈሪ ነው ብለው በከሰሱት ጊዜ፥ ስለ ሽሽቱ መልስ የሚሆን አንድ መጽሐፍ ጽፏል። በዚያም ያዕቆብ ከዔሳው፥ ሙሴ ከፈርዖን፥ ዳዊት ከሳኦል፥ ኤልያስም ከኤልዛቤል መሸሻቸውን ዘርዝሮ፥ ነቀፌታው የሚገባው ለተሰደደው ሳይሆን ለአሳዳጁ መሆኑን አስረድቷል። ነገር ግን መጽሐፉን እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ሌላም ነገር ያገኝበታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ356 ዓ.ም. ወታደሮች በእስክንድርያ ሕዝቡ ለጸሎት የተሰበሰበበትን ቤተ ክርስቲያን በሌሊት በከበቡት ጊዜ፥ አትናቴዎስ በመንበሩ ተቀምጦ ዲያቆኑ መዝሙር እንዲያነብ፥ ሕዝቡም እየተቀበለ ወደየቤቱ እንዲሄድ አዘዘ። ካህናቱ አንተ አስቀድመህ ውጣ ብለው ቢለምኑት፥ ሕዝቡ ሳይወጣ አልወጣም አለ፤ የሚበዙት ከወጡ በኋላ አብረውት የነበሩት መነኮሳትና ካህናት ጎትተው አወጡት። ስለ ሽሽት ከሁሉ የበለጠ የጻፈው አባት ራሱ ከኋለኞቹ ጋር የወጣ ነው። የሁለተኛው ጥያቄ ክብደትም ከዚህ ላይ ይጀምራል፤ ሞተር ሳይክል በአሠራሩ ባለቤቱን አስቀድሞ የሚያወጣ መሣሪያ ነውና።

የዚህን መሣሪያ ጠባይ ጥቂት እንመርምር። ሞተር ሳይክል ስፋቱ ከአንድ ሰው ትከሻ እምብዛም ስለማይበልጥ፥ መኪናዎች ተደራርበው በቆሙበት መካከል ሾልኮ ያልፋል። ዛፍ ወድቆ መንገዱን ቢዘጋው በዳር ይዞራል፤ ነዳጁም ጥቂት ነው። ጉድለቱም እንዲሁ ግልጽ ነው። ነጂውን ከእሳት ግለትና ከጢስ የሚጋርድ ግድግዳ የለውም፤ የሚበር ፍም ቢመጣ በልብሱና በፊቱ ላይ ያርፋል። በአመድና በጠጠር ላይ ይንሸራተታል፤ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦም በጨለማ አይታይም። ሁለት እግር ብቻ ስላለው ሚዛኑን የሚጠብቅለት የነጂው እጅና ልቡና ነው፤ የደነገጠ ነጂ ደግሞ ይወድቃል። በአደጋ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነዳው ሰው ከእሳቱ ቢያመልጥ ከመንገዱ አያመልጥምና፥ ጠያቂያችን መግዛታቸው ብቻ አይበቃም፤ መልመድም ያሻቸዋል።

ይህን ሁሉ በአንድ እውነተኛ ታሪክ ላይ እንየው። በዚያው በካሊፎርንያ ስሟ በእንግሊዝኛ ገነት ማለት የሆነ ፓራዳይዝ የምትባል ከተማ አለች። በገደላገደል መካከል በተራራ ጀርባ ላይ የተሠራች ስትሆን፥ በዚያን ጊዜ 26 ሺህ ያህል ሕዝብ ይኖርባት ነበር። ጥቅምት 29 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም.፥ ይኸውም ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንን ስደት በምታስብበት በወርኃ ጽጌ፥ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ በአቅራቢያዋ የተነሣው እሳት በ2 ሰዓት ገደማ ከተማይቱን ደረሰባት። ከከተማይቱ የሚያስወጡት መንገዶች ጥቂቶች ስለ ነበሩና ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ በመኪና ስለ ወጣ፥ መንገዱ ተዘጋ፤ ቀኑም በጢስ ጨለመ። ከመኪናቸው ወርደው በእግራቸው የሮጡ አሉ፤ በመኪናቸው ውስጥ እንዳሉ እሳቱ የደረሰባቸውም አሉ። በዚያ እሳት 85 ሰዎች ሞቱ፤ ከ18 ሺህ በላይ ቤትና ሕንፃም ነደደ።

ይህን የሰማ ሰው፥ እንግዲያውስ በዚያን ቀን ሞተር ሳይክል ያለው ሰው የታደለ ነው ማለቱ አይቀርም። እኛም መጀመሪያ የታሰበን ይኸው ነው። ነገር ግን የሟቾቹን ሁኔታ የተመለከተ ሰው አሳቡን ይለውጣል። ከሞቱት የሚበዙት በመንገድ ላይ ሳይሆን በቤታቸው ውስጥ ወይም በደጃቸው የተገኙ ናቸው፤ አብዛኞቹም በዕድሜ የገፉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። በመካከላቸውም መንዳት የማይችሉ፥ በምርኩዝ የሚሄዱ፥ ወሬውን ዘግይተው የሰሙ ነበሩ። እነዚህን የገደላቸው የመንገዱ መጣበብ አይደለም፤ ወደ መንገዱ የሚያደርሳቸው ሰው ማጣታቸው ነው እንጂ። እንግዲህ ሞተር ሳይክል የመንገድን መዘጋት የሚፈታ ሲሆን፥ ከዚያ የሚበልጠውን ችግር፥ ይኸውም የደካማውን በቤት መቅረት፥ በራሱ አይፈታም። የሚፈታው ነጂው ከኋላው ባለው መቀመጫ ላይ ማንን እንደሚያስቀምጥ አስቀድሞ ያሰበ እንደ ሆነ ነው።

በዚህ ላይ የሉቃስ ወንጌል ስለ ደጉ ሳምራዊ የሚናገረውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሊቃውንት ሳምራዊውን በክርስቶስ፥ የእንግዶቹን ማደሪያ በቤተ ክርስቲያን መስለው ያስተምራሉ፤ ይህ የታወቀ ነው። በንባቡ ላይ ብንቆም ግን አንድ ነገር እናገኛለን። ሳምራዊው ቁስለኛውን ያስቀመጠው በገዛ አህያው ላይ ነው። በአህያው ላይ ሌላ ሰው ካስቀመጠ እርሱ በእግሩ ሄደ ማለት ነው። ወንበዴዎች ባሉበት በረሃ በእግር መሄድ፥ ፈጥኖ ማምለጥን ለሌላው መስጠት ነው። በስደቱ ሥዕልም ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በአህያ ተቀምጣ፥ አረጋዊው ዮሴፍ በእግሩ ሲከተል እናያለን። በሁለቱም ስፍራ የከብቱ ጌታ እግረኛ ነው።

የሞተር ሳይክል ባለቤት ግን ይህን ላድርግ ቢል አይሆንለትም። አህያን ቁስለኛ ጭኖ መጎተት ይቻላል፤ ሞተር ሳይክልን ግን ያለ ነጂ ቁስለኛ ብቻውን ሊቀመጥበት አይችልም። ስለዚህ ነጂው ወደደም ጠላ ከሚድኑት አንዱ ነው። ይህ ራሱ ኃጢአት አይደለም፤ የዕቃው ጠባይ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ የሳምራዊውን መንገድ ሙሉ በሙሉ ሊከተል ቢወድ አንድ በር ይቀርለታል፤ እርሱም በቤቱ ወይም በጎረቤቱ ለሚኖር ለሌላ ሰው አነዳዱን ማስተማር ነው። አንዲት እናት ታማ ተኝታ፥ ሁለት ወንድማማች ልጆች ቢኖሯትና ሁለቱም መንዳት ቢያውቁ፥ ከሁለቱ አንዱ እናቱን ይዞ ሊሄድ ሌላው በእግሩ ሊወጣ ይችላል። መንዳት የሚያውቅ አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ሌላው ምርጫ የለውም፤ አንደኛውም የለውም።

አሁን ስለ መቀመጫው እንናገር። ሞተር ሳይክልን ለሽሽት የሚያዘጋጁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት፥ በሁለተኛው መቀመጫ ላይና በጎኑ ሻንጣ ማሰር ነው። ውኃ፥ ደረቅ ምግብ፥ ልብስ፥ የሰነድ ቦርሳ ይጭናሉ። ይህ ሁሉ ጥቅም ያለው ነው፤ ሰነድና መድኃኒትስ የግድ ያስፈልጋሉ። ይሁን እንጂ መቀመጫውን አስቀድሞ በሻንጣ የሞላ ሰው በአደጋው ቀን ሰው ቢያገኝ፥ ሻንጣውን ፈትቶ ለመጣል ጊዜም ልብም አያገኝም። ጌታችን ስለሚመጣው መከራ ሲያስተምር፥ በሰገነት ያለ ሰው ዕቃውን ለመውሰድ እንዳይወርድ፥ በእርሻ ያለም ልብሱን ለመውሰድ እንዳይመለስ ማዘዙ ይህን ሁሉ አውቆ ነው። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፤ የሚያስፈልገው ጥቂት ዕቃ በነጂው ጀርባ በሚታዘል ከረጢት ወይም ከፊት ባለው ታንክ ላይ ይሁን፥ ሁለተኛው መቀመጫ ባዶ ይቅር። ሁለተኛ የራስ ቁርም ተገዝቶ ከሞተሩ ጋር ይሰቀል። አንድ ሰው ብቻውን ሊሸሽ አስቦ እንደ ሆነ ወይም ከወንድሙ ጋር ሊሸሽ አስቦ እንደ ሆነ በዚህ ይታወቃል፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም።

በመቀመጫው ላይ የሚቀመጠው ማን ነው ቢሉ፥ ለመሄድ የማይችለው ነው እንላለን። ሯጭ ጎበዝ ጓደኛን አስቀምጦ በምርኩዝ የምትሄደውን ባልቴት ትቶ ማለፍ በክርስቲያን ዘንድ ነውር ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ መሣሪያው ራሱ ሌላ ችግር ያመጣል። በሞተር ሳይክል ላይ ለመቀመጥ ነጂውን መያዝ፥ መንገዱ ሲጣመም አብሮ መዘንበል ያስፈልጋል፤ ራሱን የሳተ፥ ምጥ የያዛት ወይም እጁ የሰለለ ሰው ይህን አይችልም። እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ሰው ከሁሉ ይልቅ የማይመቸው ሆኖ ተገኘ። በገመድ ከነጂው ጋር ማሰር እንዳይታሰብ፤ አንዱ ቢወድቅ ሁለቱም ተጎትተው ይጎዳሉ።

ለዚህ ነገር መላ የተገኘለት አገር አለ። በማላዊ በማንጎቺ አውራጃ፥ ከሞተር ሳይክል ጎን ሕመምተኛ የሚተኛበት ጎማ ያለው አልጋ ተገጥሞ፥ ምጥ የጠናባቸው እናቶች ከገጠር ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ይወሰዱበት ነበር። በዚያ የተደረገ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፥ እናቶቹ ለመድረስ የሚወስድባቸው ጊዜ ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ተቀንሷል፤ ወጪውም ከመኪና አምቡላንስ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። አልጋ የተገጠመለት ሞተር ሳይክል ግን በመኪናዎች መካከል መሹለኩ ይቀርበታል። ይህ እንግዲህ የሚመረጥ ነገር ነው፤ ጠያቂያችን በጎረቤታቸው አልጋ የያዘ ሰው ካለ ፍጥነቱን ትተው አልጋውን ቢመርጡ ደግ ይመስለናል።

በአገራችን ገጠር ሕመምተኛ የሚወሰደው በቃሬዛ ነበር፤ ዛሬም መንገድ ባልገባበት ስፍራ እንዲሁ ነው። ቃሬዛ ቢያንስ አራት ተሸካሚ ይፈልጋል፤ መንገዱ ሩቅ ከሆነ ተለዋጭ አራት፥ ከዚያም ሌላ አራት ያስፈልገዋል። ስለዚህ መንደሩ ሁሉ ይወጣል፤ ያልወጣውም ይታወቃል። ቃሬዛ ዘገምተኛ ነው፤ በመንገድ የሞቱበት ብዙ ናቸውና ስለ ዘገምተኝነቱ ልናመሰግነው አንችልም። ነገር ግን በቃሬዛ ጊዜ ሕመምተኛ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ የሁሉ ግዴታ ነበር። ሞተር ሳይክል የመጣበት መንደር ፍጥነትን ሲያገኝ ይህን መጠያየቅ እንዳያጣው መጠንቀቅ አለበት።

በቆሙት መኪናዎች መካከል ማለፍ በተቀመጡት ላይ በደል ነውን? አይደለም። ሞተረኛው የማንንም ስፍራ አልወሰደም። እንዲያውም ከአንድ ቤት ሦስት ሰው ለየብቻው በሦስት መኪና ሲወጣ መንገዱን የሚያጣብበው እርሱ ነው፤ ሞተረኛው ግን ለሌላው መንገድ ይለቃል። በደል የሚሆነው እሳት ለማጥፋት የሚመጡት መኪናዎች በሚገቡበት በኩል ተቃራኒውን ይዞ ሲነዳና ሲያሰናክላቸው፥ ወይም ባዶ መቀመጫ ይዞ እጁን የሚዘረጋለትን ሰው እንዳላየ ሲያልፍ ነው።

የቀረው ስለ መመለስ ያለው ጥያቄ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ሞተር ሳይክል ፈጣን ነውና አንዱን አድርሶ ሌላውን ለማምጣት መመለስ ይገባዋልን? በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በጎፋ ዞን በዝናም የራሰ ተራራ ተንዶ ቤቶችን በቀበረ ጊዜ፥ ጎረቤቶች የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጡ፤ እየቆፈሩም ሳሉ ተራራው ዳግመኛ ተናደባቸው። ከ200 የሚበልጡት ሟቾች ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡት ነበሩ። እነዚህን ሰዎች ተሳሳቱ የሚል አንደበት እኛ ዘንድ የለም፤ ስለ ወዳጆቹ ነፍሱን የሰጠ ሰው ምን ያህል እንደሚከብር ጌታችን አስተምሯልና። ይሁን እንጂ ሕያዋንን ስንመክር ሌላ ነገር መናገር ይገባናል።

በጃፓን የባሕር ሞገድ በሚያዘወትረው በሳንሪኩ ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ተንደንኮ የሚሉት ቃል አላቸው፤ ትርጓሜው እያንዳንዱ ለየራሱ እንደ ማለት ነው። ሞገድ በመጣ ጊዜ አባት ልጁን፥ ልጅም እናቱን ሳይጠብቅ ሁሉም በፊናው ወደ ኮረብታ ይሩጥ ማለታቸው ነው። ይህ ሲሰሙት ጭካኔ ይመስላል። ምሥጢሩ ግን፥ እናት ልጄ ቀድሞ ሸሽቷል ብላ፥ ልጅም እናቴ ሸሽታለች ብሎ እንዲተማመኑና አንዱ ሌላውን ፍለጋ ተመልሶ ሁለቱም እንዳይጠፉ አስቀድሞ የሚገባ ኪዳን ነው። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በዚያ አገር ታላቁ ሞገድ በመጣ ጊዜ በካማይሺ ከተማ ይህን የተማሩ ተማሪዎች ወዲያው ሮጡ፤ ትልልቆቹም ታናናሾቹን እጃቸውን ይዘው ወጡ። እያንዳንዱ ለየራሱ የተባሉት ልጆች የሌላውን እጅ ይዘው መውጣታቸው ሊያስገርመን አይገባም፤ ፍርሃት የቀደመው ሰው ይረሳል እንጂ፥ የተዘጋጀ ሰው እጁ ባዶ ነውና ሌላውን ይይዝበታል። ነገር ግን በዚያም አገር ከሞቱት ከግማሽ የሚበልጡት ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበር። በፓራዳይዝም በጃፓንም የቀሩት አባቶችና እናቶች ናቸው። ለየራስህ ሩጥ ተብሎ ሊሮጥ ለማይችል ሰው ኪዳኑ ጎደሎ ነው፤ የሁለተኛው መቀመጫ ነገርም የሚሞላው ይህን ጉድለት ነው።

ስለዚህ ስለ መመለስ የምንለው ይህ ነው። መመለስን በአደጋው ሰዓት መወሰን አይገባም፤ በዚያን ሰዓት የሚወስነው ድንጋጤ ነውና። በመንገድህ ላይ መኪና የሌለው፥ መራመድ የማይችል፥ ጆሮው የከበደ ሰው ማን እንደ ሆነ አስቀድመህ እወቅ፤ ቤቱን ቁጠር፤ አንደኛው የአንተ፥ ሁለተኛው የሌላ ጎረቤት እንዲሆን ተነጋገር። ምልክቱ እንደ ተሰማ፥ እሳቱ ሳይታይ፥ አስቀድመህ ውሰደው። እሳቱ መንገዱን ከዘጋው በኋላ ከሚደረግ አንድ መመለስ፥ እሳቱ ሳይደርስ የሚደረግ ሁለት መመላለስ ይሻላል። መንገዱ በባለሥልጣን ከተዘጋ በኋላ በወንድምነት ስም ጥሶ መግባት፥ አንዱን ፍለጋ የሚሄዱ ሌሎች እሳት አጥፊዎችን ለሞት መጋበዝ ሊሆን ይችላል።

ለካህናት ጥቂት ቃል እንጨምር። በ5ኛው መቶ ዓመት ቫንዳሎች ሰሜን አፍሪካን በወረሩ ጊዜ፥ ካህናት ይሽሹን ወይስ ይቆዩ? የሚል ጥያቄ የቀረበለት የሂጶው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ በደብዳቤ ሲመልስ፥ ካህን እርሱን ብቻ የሚሹት አሳዳጆች ሲመጡበት ሊሸሽ ይችላል፤ አደጋው የሁሉ ከሆነ ግን የካህናቱን አገልግሎት የሚሹት ሕዝብ ያለ እነርሱ ሊቀሩ አይገባም ብሏል። ማን ይቆይ፥ ማን ይሂድ በሚል ክርክር ቢነሣም ዕጣ ይጣጣሉ ብሏል። ሞተር ሳይክል ያለው ካህን እንግዲህ የመጀመሪያው ተሳፋሪ ሊሆን አይገባውም።

ደግሞ ጥያቄ አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ እሳት ቢከበው ካህኑ በሞተር ሳይክሉ ታቦቱን ያውጣ ወይስ በደጀ ሰላም የተጠጋችውን አሮጊት? ይህን የመሰለ ነገር የመጨረሻው ፍርድ የብፁዓን አባቶች ነው። በእኛ አስተያየት ግን ሁለቱ የሚጣሉ አይደሉም። ታቦቱ በሥርዓቱ በካህኑ ራስ ላይ ሆኖ በእግር የሚወጣ ነው፤ በሻንጣ ቦታ የሚታሰር አይደለም። ታቦቱን የሚነካ ካህን ብቻ ነው፤ ሞተሩን ግን ዲያቆንም ይነዳዋል፥ የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃም ይነዳዋል፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣትም ይነዳዋል። ካህኑ ታቦቱን አክብሮ በእግሩ ይወጣል፤ አሮጊቷም በመቀመጫው ላይ ትሄዳለች። ለዚህም በጋው ሳይጠና፥ ከአገልጋዮቹ ሁለቱ ወይም ሦስቱ በሰፊ ሜዳ ላይ ከኋላቸው ሰው አስቀምጠው መንዳትን ቢለማመዱ፥ ቁልፉም የት እንደሚሰቀል ሁሉም ቢያውቅ ይበቃል።